አስታማሚው በር ላይ የቀረ ጊዜ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ በይፋ ሲረጋገጥ፣ ከታመሙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም እንዳሉበት አብሮ ተሰማ። ለብዙ ሰው ከዕለቱ ዜናዎች አንዱ ሆኖ አለፈ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕክምና ማዕከላት ተረኛ ሆነው ላደሩ ሰዎች ግን የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ወለል ብሎ ይታያቸዋል፦ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ በረኪናው በስንት እጅ ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ በር ላይ ከጥበቃው ጋር የሚጨቃጨቀው ቤተሰብ ምን እንደሚል።

ስለ ኮቪድ ዘመን ሲጻፍ የመተንፈሻ መሣሪያው፣ ጭምብሉና የዕለቱ ቁጥር ይቀድማሉ። እኔ ከሆስፒታል ሠራተኞች የምሰማው ጨዋታ ግን ብዙ ጊዜ የሚያዘነብለው በክፍሉ ውስጥ ወዳልነበረው ሰው፣ ወደ አስታማሚው ነው። ወረርሽኙ አስታማሚውን ከበር ሲመልሰው የሆስፒታሎቻችን ሥራ ምን ያህሉ በእርሱ ትከሻ ላይ እንደነበር ታየ። ያ ሥራ ወደ ማን እንደዞረ፣ በስንት ሰውና በምን ክፍያ እንደተሠራ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ የቆጠረው የለም። በጤና ባለሙያውና በመንግሥት መካከል ያለው ቅሬታ አንዱ ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በአገራችን ሆስፒታል የሚተኛ ሰው ብቻውን አይተኛም። እናት፣ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ አንዳንዴም የሠፈር ሰው አብሮት ይገባል። ማታ ከአልጋው ሥር ካርቶን ዘርግቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ጠዋት ያጎርሳል፣ ፊት ያጥባል፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ይደግፋል። የተንጠለጠለው ግሉኮስ ሲያልቅ «ሲስተር፣ አልቋል» ብሎ የሚጠራው እርሱ ነው። የደም ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ ይመለሳል፣ ለራጅ ተሽከርካሪ ወንበሩን ይገፋል። ሕመምተኛው አማርኛ የማይችል ከሆነ አስተርጓሚ ይሆናል። ሐኪሙ የሚከብድ ነገር ሲገጥመውም ወደ ኮሪደር ጠርቶ የሚነግረው ለእርሱ ነው። በሆስፒታሉ የሰው ኃይል መዋቅር ላይ ቦታ የለውም፤ ደመወዝ የለውም፤ እንዲያውም ጥበቃው በየቀኑ «አንድ አስታማሚ ብቻ!» እያለ ይቆጣዋል።

የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትርነቱን ሹመት የተቀበሉት በዚያው ሳምንት ነው፤ እንዲህ ያለ የሥራ መጀመሪያ ለማንም አይመኙም። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያዎቹ ሞቶች ተነገሩ፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ለኮቪድ ተለየ። ለዓመታት በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚታወቀው የእንጦጦው ቅዱስ ጴጥሮስም ተጨመረ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ኮንሰርትና ባዛር ሲስተናገድበት የኖረው ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ሕሙማን መቀበል ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙው ሠራተኛ ቤቱ አይገባም ነበር። ፈረቃውን እዚያው ጨርሶ፣ ለይቶ ማቆያ ገብቶ፣ ተመርምሮ ነው ልጆቹን የሚያየው። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ፋሲካም፣ ከዚያ በኋላ የገባው የረመዳን ማፍጠሪያም ለብዙዎች በግቢው ውስጥ አለፈ።

የፈረቃው ችግር ተደጋግሞ ተነግሯል። ሙሉ መከላከያ ልብስ፣ ኤን-95 ጭምብል፣ መነጽር፣ ድርብ ጓንት። አንዴ ከተለበሰ ውኃ መጠጣትም ሆነ መጸዳጃ ቤት መሄድ የለም፤ ምክንያቱም ለመውጣት ማውለቅ፣ ለመመለስ ደግሞ አዲስ መልበስ ያስፈልጋል፤ አዲሱ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከፈረቃ በፊት ውኃ አለመጠጣት ልማድ ሆነ። በድርብ ጓንት የደም ሥር ይፈለጋል፤ በትንፋሽ በታፈነ መነጽር የመድኃኒት መጠን ይነበባል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚለብስ ስም በማርከር ደረት ላይ ይጻፋል። ማውለቁ ከመልበሱ ይከፋል፤ ቫይረሱ ያለው በልብሱ የውጭ ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ደክሞት የሚያወልቅ ሰው በአንዲት የተሳሳተች እንቅስቃሴ ራሱን ሊበክል ይችላል።

ይህንን በቴሌቪዥንም አይተነዋል። ብዙም ያልታየው በዚያው ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው ሌላው ሥራ ነው። የሚያጎርስ የለም፤ ነርሷ ታጎርሳለች። ሽንት የሚያነሣ የለም፤ ታነሣለች። ቤተሰብ በር ላይ ያስቀመጠውን ምሳ ዕቃ ስም እያነበበ ወደ ትክክለኛው አልጋ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። የሞተ ስልክ ቻርጅ ላይ የሚሰካ፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለሕመምተኛው ጆሮ የሚያስጠጋ ሰው ያስፈልጋል። በሆድ መተኛት ለኮቪድ ሕመምተኛ አተነፋፈስ እንደሚረዳ በጊዜ ታውቋል፤ ነገር ግን የደከመ ጎልማሳን በሆዱ አስተኝቶ፣ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ማገላበጥ ሁለት ሦስት ጠንካራ ሰው ይጠይቃል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከእነዚህ አንዱ ወንድም ነው፣ ሌላው ልጅ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። እንደኛ ባለ ሆስፒታል፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጭ፣ አልጋ አልጋው ላይ የሚጮህ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የለም። ሌሊት የሕመምተኛውን ትንፋሽ የሚያዳምጠው፣ በእንቅልፍ ልቡ የኦክስጅን ጭምብሉን የሚገፋውን ሽማግሌ «አባባ፣ ተው» የሚለው አስታማሚው ነበር። እርሱ ሲወጣ ቦታውን መሣሪያ አልተካውም። ነርሶች በየአልጋው እየዞሩ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይሰኩ ነበር፤ ግን በሁለት ዙር መካከል ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዘመን የተረፈ የሕሊና ቁስል ካለ፣ አብዛኛው የሚገኘው በእነዚያ ሁለት ዙሮች መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል። መሣሪያ አጥቶ የሞተን ሰው ሐኪም በአገር ድህነት ሊያሳብብ ይችላል። ማንም ሳያየው ጭምብሉን ያወለቀን ሰው ግን በምን ያሳብባል?

ሞት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሸክም ተከተለ። መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ንጋት ላይ ቅርብ ዘመድና ጎረቤት ይሰባሰባል፤ ሰሚው ቢወድቅ የሚይዝ፣ ቢጮኽ የሚያባብል ሰው ይዘጋጃል፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ይናገራል። በሩቅ ላለ ልጅ በስልክ «እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ና» ይባላል እንጂ እቅጩ አይነገርም። ሆስፒታሎቻችንም በዚህ ሥርዓት ላይ ተደግፈው ኖረዋል። ሐኪሙ ከአስታማሚዎቹ መካከል ጠንከር ያለውን ለይቶ ይነግረዋል፤ የቀረውን ቤተሰቡ ራሱ ያውቅበታል።

በኮቪድ ጊዜ ያ ጠንከር ያለ ዘመድ ግቢው ውስጥ የለም። በካርዱ ላይ የተጻፈውን ስልክ መደወል የሐኪሙ ወይም የነርሷ ዕጣ ሆነ። ማን እንደሚያነሣው አይታወቅም፤ ባለቤት ልትሆን ትችላለች፣ መኪና እየነዳ ያለ ወንድም፣ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። «አጠገብህ ትልቅ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቁም አያድንም፤ ጥያቄው ራሱ መርዶ ነው፣ ሰሚው ወዲያው ይገባዋል። ባልና ሚስት አብረው የተኙበት አጋጣሚም ነበር። አንዱ ሲሞት ለሌላው ይነገር ወይስ ይደበቅ? ባህላችን ለታመመ ሰው መርዶ አይነግርም። ስለዚህ በየዙሩ «ባለቤቴ እንዴት አደረ?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ማዘጋጀት ከሕክምናው ጋር የተደረበ ሥራ ሆነ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች መጥፎ ዜና ስለመንገር ያስተምራሉ፤ የሚያስተምሩት ግን ሐኪምና ሕመምተኛ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደሚነጋገሩ ታስቦ በሌላ አገር በተቀመረ ዘዴ ነው። ዕድሜው ሃያ ስድስት ዓመት ለሆነ ተለማማጅ ሐኪም በስልክ መርዶ መንገርን ያስተማረው ማንም የለም።

ቀብሩም እንደ ቀብር አልነበረም። በአስቸኳይ ጊዜ ደንቡ ከአራት ሰው በላይ መሰባሰብ ተከልክሎ ስለነበር እድሩም ለቀስተኛውም እንደ ልማዱ አልወጣም። አልቅሶ ያልወጣለት ቤተሰብ ቁጣውን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ በር ይመለሳል። «እርሱ እኮ ስኳር ነበረበት፤ ለምን በኮቪድ ትላላችሁ?» የሚለው ክርክር የሚያርፈው ስም በማርከር የተጻፈበት ደረት ላይ ነው።

የኦክስጅኑን ነገር በቁጥር ማየት ይሻላል። በሆስፒታሎቻችን የሚታወቀው ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ ከ6 እስከ 7 ሺህ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በጭምብል ከፍተኛ ኦክስጅን የሚፈልግ የኮቪድ ሕመምተኛ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይወስዳል። አካፍሉት፤ አንዱ ሲሊንደር ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢያቆይ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር ማለት ነው። ሃያ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ያሉበት ክፍል በቀን ሃምሳ ያህል የብረት ሲሊንደር ይገባበታል፣ ይወጣበታል፤ እያንዳንዱን የሚያንከባልል፣ መክፈቻ ይዞ የሚቀይር ሰው አለ። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ሕሙማን በበዙበት ወቅት፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሞልተው ሳለ፣ ከየትኛውም ስፔሻሊስት ያላነሰ ሕይወት ያተረፉት እነዚህ ሲሊንደር የሚያመላልሱ ሠራተኞች ናቸው ብል የሚቃወመኝ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ስለ እነርሱ የሰማ ግን ጥቂት ነው።

መልካም ዜና ጨርሶ አልጠፋም። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ ሕሙማንን ሞት በሲሶ እንደሚቀንስ አስታወቁ። መድኃኒቱ በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ የነበረ ነው፤ በኢትዮጵያም በዚያው ወር ለከባድ ሕሙማን እንዲሰጥ ተወሰነ። ክትባቱ ደግሞ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በኤካ ኮተቤ ከጤና ባለሙያዎች ጀምሮ መሰጠት ጀመረ።

በኮቪድ ማዕከል የሠሩት ሁሉ ከሌላው ይልቅ ተጋለጡ ማለት ግን አይቻልም። እዚያ ቢያንስ ሁሉም ሕመምተኛ ኮቪድ እንዳለበት ስለሚታወቅ ልብሱም ጥንቃቄውም ነበር። የባሰው አደጋ በተራው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነበር። በሆድ ሕመም የመጣ፣ ምጥ የያዛት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ቫይረሱን ይዞ ይገባል፤ የሚቀበለው ነርስ አንድ ቀጭን ጭምብል ብቻ አድርጓል። አዋላጅ ነርሶችን አስቡ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት እየጮኸችና እየተነፈሰች ሁለት ሜትር ራቂ አይባልም። የጽዳት ሠራተኞች ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ሥልጠና አግኝተው ከሁሉ የበዛውን ቆሻሻ ይነካሉ። አምስት ከመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ወለሉን፣ አልጋውን፣ አስከሬን ያረፈበትን ፍራሽ የሚያጥቡት እነርሱ ናቸው። ምስጋናው «ሐኪሞቻችን» እያለ ሲዘንብ ለእነርሱ ጠብታውም አልደረሳቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀረ ገምቷል። በኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው አጠቃላይ ሞት ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሲያልፍ ቆሟል። ምርመራው ምን ያህል ጠባብ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ትክክለኛው ከዚህ እንደሚበልጥ ይረዳል። ቢሆንም ከተፈራው እልቂት ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ትንሽ መሰለ፤ ትንሽ ስለመሰለም ማኅበረሰቡ «አለፈ» ብሎ ረሳው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጦርነት መጣ። ወረርሽኙ ስምንት ወር እንደሞላው፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራና አፋር የተስፋፋው ጦርነት የሆስፒታሉን ትዝታ ገና ሳይረጋ ሸፈነው። የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች መድኃኒትና ኦክስጅን በሌለበት፣ ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠሩ። የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች ተዘረፉ። ለእነዚህ ሰዎች ኮቪድ በመከራዎች መካከል ያለፈ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ስለ እርሱ ብቻ ጠይቋቸው ብትሉ ግር ይላቸዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሲያውጁ እኛ ዘንድ ቆም ብሎ ያዳመጠው ስንት ነበር?

በዚህ ላይ ነው የክፍያው ጉዳይ የሚገባው። ሐኪሞች ከወረርሽኙ በፊት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ድምፃቸውን አሰምተው ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጥያቄው በሥራ ማቆም ተመልሶ መጣ፤ ለእስር የተዳረጉም አሉ። በሁለቱ መካከል ኮቪድ አለ፣ «ጀግኖቻችን» የሚለው ጭብጨባ አለ። ጭብጨባው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን በዘገየ የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያ ላይ ሲደረብ ስድብ ይመስላል። ጀግና የተባለ ሰው ክፍያ ሲጠይቅ ጀግንነቱን እንዳረከሰ ይቆጠራል። ሥራውን እንደ ሥራ ብንቆጥረው ኖሮ፣ ማለትም ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው፣ በምን ያህል ብር ብለን፣ ክርክሩ ይህን ያህል መራራ ባልሆነ ነበር።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን መተዳደሪያቸው ሲኤንኤ በሚባለው ረዳት ነርስነት ነው። ሥራቸው ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ደግፎ ማስነሣት ነው፤ ማለትም እዚህ አገር አስታማሚው በነፃ የሚሠራው። ወረርሽኙ ሲገባ በአሜሪካም ጠያቂ ዘመድ ከሆስፒታልና ከአረጋውያን መጦሪያ ተከለከለ። ሐዘኑና ብቸኝነቱ እዚያም ያው ነው፤ ያጎረሰው ሰው ግን በመዝገብ ላይ ያለ፣ የሰዓቱ የሚከፈለው ሠራተኛ ነበር። ያንን ሥራ ደሃ ከምንላት አገር የሄዱ ሰዎች እዚያ በደመወዝ ሲሠሩት፣ እዚህ ስም እንኳ ያልተሰጠው መሆኑ ያስገርመኛል።

አስታማሚነት ይቅር የሚል ክርክር የለኝም። ዘመድ አጠገብ መሆኑ መድኃኒት ነው፤ በኮቪድ ጊዜም ቢሆን ከመጀመሪያው ድንጋጤ በኋላ አንድ ዘመድ ልብስ አልብሶ ማስገባት በብዙ ሁኔታ ይቻል ነበር። እንደ ማርበርግ በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲመጣ ግን አማራጭ የለም። አጉራሹና አጣቢው ቀድሞ የሚያዝ ሰው ነውና ከበር መመለስ አለበት፤ ያኔ ሥራው ነርሷ ላይ ይወድቃል። ሠላሳ አልጋ ያለውን ዎርድ እናስብ። ከሠላሳው አሥሩ አቅም ያጡ ቢሆኑና እያንዳንዳቸው በቀን የሁለት ሰዓት እንክብካቤ ቢፈልጉ ሃያ የሥራ ሰዓት ይመጣል። በመከላከያ ልብስ ውስጥ ሰው በደህና የሚሠራው አራት ሰዓት ያህል ነው ብንል፣ በየቀኑ አምስት ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ግምት ነው፤ ቁጥሩን ከእኔ የተሻለ የሚያሰላ ሞልቷል። እነዚህ አምስት ሰዎች ግን በወረርሽኝ ዝግጁነት ዕቅዶች ውስጥ ከአልጋና ከሲሊንደር ጎን፣ በመደብና በደመወዝ መግባት አለባቸው። ሥልጠናቸው ዓመታት አይፈጅም፤ ዕቅዱ ውስጥ ስልክ ደውሎ ከቤተሰብ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ቢጨመር ደግሞ ተለማማጅ ሐኪሙ ወደ ሕክምናው ይመለሳል። ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜም ሥራ አያጡም። ከመንገድ ላይ በአምቡላንስ የመጣው፣ ከገጠር ብቻውን ተሳፍሮ የደረሰው፣ ዘመዶቹ ገንዘባቸው አልቆ የተመለሱበት ሕመምተኛ ዛሬም በየሆስፒታሉ አለ፤ እስካሁን የሚያጎርሰው የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ነው።